«እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ፕሮግራም ምረጡ



ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን መደርደሪያ ላይ የተቀመጡትን የሙዚቃ ሲዲዎች ምንም ሳይጎድልባቸው ወደ ኮምፒዩተር ስለመገልበጥ ነው። ወጣቶቹ «ሪፕ ማድረግ» ይሉታል። ዋናው ጉዳያችን ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ፕሮግራም ነው። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ራሱ በኋላ ላይ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ሆኖ ይመጣብናል።

ፕሮግራም ሲፈለግ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «በነጻ ነው ወይ? ፈጣን ነው ወይ?» ብሎ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከእነሱ የሚቀድም አለ። አንድ የተጫረ ሲዲ ለሁለት ፕሮግራሞች ሰጠን እንበል። አንደኛው በጥቂት ደቂቃ ጨርሶ «ተጠናቋል» ይለናል። ሁለተኛው ያንኑ ሲዲ ግማሽ ሰዓት ሲመላለስበት ይቆይና «ሌሎቹን ዘፈኖች በትክክል አንብቤያለሁ፤ ሰባተኛው ላይ ግን ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ያነበብኩትን እርግጠኛ አይደለሁም» ይለናል። የዛሬው ንግግሬ ሁለተኛውን እንድትመርጡ ለማሳመን ነው።

መጀመሪያ ሲዲው ራሱ ምን እንደያዘ እንይ። ፊሊፕስና ሶኒ የሲዲን መለኪያ ያወጡት በ1980 ነው፤ ማጫወቻው ገበያ ላይ የዋለው በ1982 ጃፓን ውስጥ ነበር። በመለኪያው መሠረት ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ይመዘገባል፤ ይህም ለግራና ለቀኝ ለየብቻ ነው። ሲባዛ በሰከንድ 1,411,200 ቢት ይመጣል። የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 635 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ኤምፒ3 ይህን ክብደት የሚቀንሰው ጆሮ አይለየውም ተብሎ የተገመተውን ድምፅ ቆርጦ በመጣል ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የተሠራ ኤምፒ3 መጠኑ ከዋናው አንድ አሥራ አንደኛ ያህል ብቻ ነው፤ የተጣለውም ተመልሶ አይመጣም። ሎስለስ የሚባሉት፣ እንደ ፍላክ ያሉት፣ ምንም አይጥሉም። ድምፁን በሒሳብ አጥፈው ያስቀምጣሉ፤ ሲከፈት እያንዳንዷ ቢት እንደነበረች ትገኛለች። መጠናቸው እንደ ሙዚቃው ዓይነት ከዋናው ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ይሆናል። አምስት መቶ ሲዲ ያለው ሰው አንዱን በአማካይ አንድ ሰዓት ብናደርገው 200 ጊጋባይት ገደማ ይበቃዋል። ዛሬ ይህ በአንዲት ትንሽ ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚገባ ነው። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ሙዚቃን መቁረጥ ምክንያት አጥቷል።

እዚህ ላይ «ሲዲው ላይ ያለው ቁጥር ከሆነ ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ይገለብጣል፤ ምን የሚያጠራጥር ነገር አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ያለው የሙዚቃ ሲዲ አሠራር ላይ ነው።

የሙዚቃ ሲዲ በሰከንድ በ75 ክፍሎች ይነበባል፤ አንዱ ክፍል 2,352 ባይት ነው። ሰነድ ወይም ፕሮግራም የሚያዝበት ሲዲ ላይ ከዚህ ውስጥ ለመረጃው የሚውለው 2,048 ብቻ ነው፤ ቀሪው ለአድራሻና ለተጨማሪ የስህተት ማረሚያ ይቀመጣል። በሙዚቃ ሲዲ ላይ ግን 2,352ቱም ድምፅ ናቸው። ይህ ማለት ሙዚቃው ምንም ማረሚያ የለውም ማለት አይደለም። ሁለቱም የሲዲ ዓይነቶች ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሶሎሞን በ1960 ባሳተሙት ሒሳብ ላይ የተመሠረተ መሠረታዊ ማረሚያ አላቸው፤ እሱም በመስመሩ ላይ እስከ 2.5 ሚሊሜትር የሚደርስ ጉዳትን ሙሉ በሙሉ ያስተካክላል። ጉዳቱ ከዚያ ሲያልፍ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የሰነዱ ሲዲ «ማንበብ አልተቻለም» ብሎ ይቆማል። የሙዚቃው ሲዲ ሲነበብ መሣሪያው ከፊትና ከኋላ ያለውን ድምፅ አይቶ መሐሉን በግምት ይሞላል፤ ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ሲዲ ማጫወቻ ሠሪዎች ይህን ያደረጉት ሳሎን የተቀመጠ አድማጭ በየጭረቱ እንዳይረበሽ ነው። ለአድማጭ ጥሩ ነው። ለዘለቄታው ለሚገለብጥ ሰው ግን ግምቱ ከእውነተኛው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይበትም ምልክት የለም።

ሁለተኛው ችግር የአድራሻ ነው። በሙዚቃ ሲዲ ላይ በእያንዳንዱ የድምፅ ክፍል ውስጥ «እኔ ይህን ያህለኛው ነኝ» የሚል ቁጥር የለም፤ የቦታ ምልክቱ ለብቻው በጎን የሚሄድ ነው፤ ጥራቱም ልቅም ያለ አይደለም። ስለዚህ የኮምፒዩተሩ ሲዲ ማንበቢያ፣ ማለትም ድራይቩ፣ ማንበብ አቁሞ እንደገና ሲጀምር ካቆመበት ጥቂት አልፎ ወይም ጥቂት ወደኋላ ተመልሶ ሊጀምር ይችላል። ከዚህም ሌላ እያንዳንዱ የድራይቭ ሞዴል ከትክክለኛው መነሻ የሚዛነፍበት የራሱ ቋሚ ልክ አለው። በአንዱ 6 ናሙና፣ ማለትም 6 የድምፅ ልኬት፣ በሌላው 667 ናሙና ሊሆን ይችላል። 667 ናሙና የአንድ ሰከንድ አንድ ተኩል መቶኛ ገደማ ስለሆነ ጆሮ አይይዘውም። ሆኖም ሁለት ሰዎች በሁለት ድራይቭ የገለበጡትን ለማወዳደር ሲፈልጉ ይህ ካልታረመ ቁጥራቸው ፈጽሞ አይገናኝም።

እነዚህን ችግሮች ለመፍታት በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለት ሥራዎች ወጡ። አንደኛው ሞንቲ በሚል ስም የሚታወቀው ክሪስቶፈር ሞንትጎመሪ ለሊኑክስ የሠራው ሲዲፓራኖያ ነው። ሁለተኛው ጀርመናዊው አንድሬ ቪትሆፍ በ1998 ለዊንዶውስ ያወጣው ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ፣ በአጭሩ ኢኤሲ ነው። የሁለቱም መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው፦ ድራይቩን አትመን። እያንዳንዱን ክፍል ቢያንስ ሁለት ጊዜ አንብብ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ደግመህ ጠይቅ። ኢኤሲ በጥንቃቄ ስልቱ ሲሠራ በጣም የተጎዳን ክፍል እስከ 82 ጊዜ ድረስ ይመላለስበታል። እንደዚያም ሆኖ ካልተስማማለት አጠራጣሪ ብሎ ቦታውን ከነደቂቃው ይጽፋል።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ዘመናዊ ድራይቮች ያነበቡትን ለጥቂት ጊዜ በውስጣቸው ይይዛሉ። ፕሮግራሙ «እንደገና አንብብ» ሲላቸው ሲዲውን ሳይነኩ ቀድሞ የያዙትን መልሰው ሊሰጡት ይችላሉ። ፕሮግራሙ ሁለት ምስክር ያገኘ ይመስለዋል፤ የሰማው ግን አንዱን ምስክር ሁለት ጊዜ ነው። ጠንቃቃ ፕሮግራም ይህን ያውቃል፤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ እንዲነበብ በማድረግ የተያዘውን አስወጥቶ ከዚያ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም «ስህተት አርማለሁ» ስላለ ብቻ አትመኑት። ይህን መላ ያውቃል ወይ? የድራይቩን የመነሻ ዝንፈት ያስተካክላል ወይ? የሥራውን ውጤት በጽሑፍ፣ ማለትም በሎግ፣ ያስቀምጣል ወይ? ብላችሁ ጠይቁ።

አራተኛ ጥያቄም አለ፦ ከሌላ ሰው ንባብ ጋር ያመሳክራል ወይ? አኩሬትሪፕ የሚባለው የመረጃ ቋት የተፈጠረው ለዚህ ነው። አንድ ዘፈን ሲገለበጥ ፕሮግራሙ ከድምፁ ላይ አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ያሰላል። ያንኑ ሲዲ በሌላ አገር፣ በሌላ ድራይቭ የገለበጡ ሰዎች ያገኙት ቁጥር በቋቱ ውስጥ አለ። ከተገናኘ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች በተለያየ መሣሪያ አንድ ዓይነት ስህተት የመሥራታቸው ዕድል እጅግ ጠባብ ስለሆነ ንባቡ ትክክል ነው ማለት ይቻላል። ኩቱልስ የሚባለው ሌላው ቋት ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ስለ ሲዲው ተጨማሪ የማረሚያ መረጃ ስለሚያስቀምጥ ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ የተሳሳተውን ቦታ እስከማስተካከል ይደርሳል።

አሁን ወደ እኛ ሲዲዎች እንምጣ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ይለወጣልና። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ለፈረንሳዩ አሳታሚ ቡዳ ሙዚክ ያዘጋጃቸው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች በዓለም ዙሪያ ስለተሸጡ በቋቶቹ ውስጥ የመገኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። በ2001 በፓልም ፒክቸርስ የወጣው የጂጂ አልበምም እንደዚያው። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ በጥቂት ቁጥር ታትሞ በሙዚቃ ቤትና በሐበሻ ሱቅ የተሸጠ ሲዲ ግን ሲገባ፣ ፕሮግራሙ «ይህን ዲስክ አላውቀውም» ሊለን ይችላል። ይህ የፕሮግራሙ ጥፋት አይደለም፤ ከእኛ በፊት ያንን ሲዲ ገልብጦ ውጤቱን የመዘገበ የለም ማለት ብቻ ነው።

እንግዲህ ምስክር ከሌለ ምስክር ማምጣት የእኛ ሥራ ይሆናል። ኢኤሲ ለዚህ የሚሆን አሠራር አለው፤ ዘፈኑን መጀመሪያ ለሙከራ ያነባል፣ ቀጥሎ ደግሞ ያነብና ይገለብጣል፣ የሁለቱን የማረጋገጫ ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ቢቻል ደግሞ ሁለተኛውን ንባብ በሌላ ሞዴል ድራይቭ አድርጉት፤ አንድ ድራይቭ በአንድ ጭረት ላይ ደጋግሞ አንድ ዓይነት ስህተት ሊሠራ ይችላልና። ከጎረቤት ወይም ከጓደኛ መዋስ ይበቃል። አበው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ያሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ አንድ ውድ ድራይቭ ከመግዛት ሁለት ተራ ድራይቮች ማስማማት ይሻላል።

ሌላም የሚያስፈልግ ነገር አለ። ፕሮግራሙ የድራይቫችሁን የመነሻ ዝንፈት የሚያውቀው በቋቱ ውስጥ የታወቀ ሲዲ ሲገባለት ነው። ስብስባችሁ ሁሉ የአገር ቤት ሲዲ ከሆነ አንድ በዓለም በሰፊው የተሸጠ ሲዲ፣ የቦብ ማርሊም ይሁን የማይክል ጃክሰን፣ ተውሳችሁ መጀመሪያ እሱን አስገቡ። ከዚያ በኋላ ልኩ ለሁሉም ያገለግላል።

ከመገልበጥ በፊት ደግሞ የያዛችሁት ምን ዓይነት ሲዲ እንደሆነ ለዩ። ጀርባው እንደ ብር የሚያበራው በፋብሪካ የታተመ ነው። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ወርቃማ የሚመታው ብዙውን ጊዜ በኮምፒዩተር የተቃጠለ ቅጂ ነው፤ ማቅለሚያው በብርሃንና በሙቀት ስለሚጎዳ እነዚህን አስቀድሙ። ሦስተኛው ዓይነት ከመቶ በላይ ዘፈን የሚይዘው የኤምፒ3 ሲዲ ነው። እሱ የሙዚቃ ሲዲ ሳይሆን ፋይል የተጫነበት ነው፤ ሪፕ አይደረግም፣ ፋይሎቹን ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው። ወደ ፍላክ መለወጥ መጠኑን ከማሳበጥ በስተቀር የሚጨምረው የለም።

አስቸጋሪው ከኤምፒ3 ተነሥቶ እንደ ሙዚቃ ሲዲ የተቃጠለው ነው። ውጪው ሙሉ ሲዲ ይመስላል፤ ፕሮግራሙም በትክክል ያነበዋል። ይህን ለመለየት ስፔክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የድምፁን ንዝረት በሥዕል ያሳያል። በ128 ኪሎቢት የተሠራ ኤምፒ3 አብዛኛውን ጊዜ 16 ኪሎኸርዝ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነገር ግን ለፍርድ አትቸኩሉ። ከድሮ ሸክላ ወይም ከካሴት ወደ ሲዲ የተዛወሩ ብዙ ዘፈኖቻችን በተፈጥሯቸው ከፍተኛ ንዝረታቸው የሳሳ ነው። የእነሱ ሥዕል ቀስ እያለ ይከስማል፤ የኤምፒ3ው ግን በአንድ መስመር ይቋረጣል።

እንግዲህ የትኛውን ፕሮግራም እንምረጥ? እንደ ኮምፒዩተራችሁና እንደ ትዕግሥታችሁ ልከፋፍለው።

ዊንዶውስ ላላችሁና ለመማር ጊዜ ለምትሰጡ ኢኤሲ ነው። ለግል አገልግሎት ዋጋ አያስከፍልም፤ ዝርዝር ሎግ ይጽፋል፤ ከሁለቱም ቋቶች ጋር ያመሳክራል። ፊቱ ያረጀ ነው፤ ሲጀመር የሚያቀርባቸው ጥያቄዎችም ብዙ ናቸው። አንድ ምሽት ሰጥታችሁ በትክክል ካስተካከላችሁት ግን ከዚያ በኋላ ሲዲ ማስገባትና ማውጣት ብቻ ይሆናል። ቅንብሩ ከከበዳችሁ በዚያው በዊንዶውስ ላይ ኩሪፐር አለ። እሱም ነጻ ነው፣ የፕሮግራም ጽሑፉም ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚጠይቃችሁ ጥቂት ነው።

ሲዲያችሁ በመቶዎች የሚቆጠር ከሆነና ገንዘብ ከፍላችሁ ጊዜ ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ ዲቢፓወርአምፕ አለ፤ በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። አኩሬትሪፕን የፈጠሩት የእሱ ባለቤቶች ናቸው። መልካም ጎኑ መጀመሪያ በፍጥነት አንብቦ ቁጥሩ ከቋቱ ጋር ከተገናኘ ወደሚቀጥለው ማለፉ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚመላለሰው ያልተገናኙት ላይ ብቻ ነው። ለታወቁ ሲዲዎች ይህ ብዙ ሰዓት ያተርፋል። ቋቱ ለማያውቃቸው የእኛ ሲዲዎች ግን ትርፉ ይቀንሳል፤ ምክንያቱ ሁሉም በዝግታው መንገድ መሄዳቸው ነው። ስብስባችሁ ግማሽ በግማሽ የውጭ ሙዚቃ ከሆነ ገንዘቡ ያዋጣል፤ በሙሉ የአገር ቤት ከሆነ ኢኤሲ ይበቃችኋል።

ማክ ለያዛችሁ ኤክስኤልዲ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የጥንቃቄ ንባብ፣ የአኩሬትሪፕ ማመሳከሪያና ሎግ አሟልቶ ይዟል። ለሊኑክስ ሰዎች ደግሞ ዊፐር አለ። በሲዲፓራኖያ ላይ ተመሥርቶ የመነሻ ዝንፈቱን ያስተካክላል፣ ያመሳክራል፤ የሚታዘዘው ግን በጽሑፍ ትእዛዝ ስለሆነ ከዚያ ጋር መስማማት ያስፈልጋል።

ከኮምፒዩተሩ ጋር አብረው የሚመጡት ፕሮግራሞችስ? የአፕል ሙዚቃ ፕሮግራም ሲዲን በሎስለስ መገልበጥ ይችላል፤ «ስህተት አርም» የሚል ምርጫም አለው። አዲስና ንጹሕ ሲዲ ከሆነ ውጤቱ ከኢኤሲው ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ችግሩ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ላይ ነው። ከቋት ጋር አያመሳክርም፤ የቱ ዘፈን በትክክል እንደተነበበና የቱ እንዳጠራጠረው የሚገልጽ ሎግም አይሰጥም። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ቦታ ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ብትሰሙ ከሲዲው ይሁን ከንባቡ፣ ወይስ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ፣ የምታውቁበት መንገድ አይኖርም።

የፋይሉን ቅርጽ ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ ሰው ብዙ የሚጨነቅበት፣ ግን ከሁሉ የቀለለው ውሳኔ ስለሆነ። ጆሽ ኮልሰን የሠራው ፍላክ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በ2001 ወጣ፤ ነጻና ክፍት ነው፤ በ2024 መጨረሻ ላይ የኢንተርኔት መለኪያ አውጪው አካል በይፋ መለኪያ አድርጎ አሳትሞታል። እያንዳንዱ የፍላክ ፋይል የዋናውን ድምፅ የማረጋገጫ ቁጥር በውስጡ ስለሚይዝ ከዓመታት በኋላ ፋይሉ ተበላሽቶ እንደሆነ መፈተሽ ይቻላል። ከዜሮ እስከ ስምንት ያሉት ደረጃዎች የሚለዩት በመጠንና በፍጥነት ብቻ ነው፤ የድምፁ ጥራት በሁሉም አንድ ነው። አይፎንና የአፕል ሙዚቃ ላይ የሚሰማ ሰው አፕል በ2011 ክፍት ያደረገውን አፕል ሎስለስን ይምረጥ። ብትሳሳቱም አትጎዱም፤ ከአንዱ ሎስለስ ወደ ሌላው ሲለወጥ የሚጠፋ ነገር የለምና። በቅርጽ የተሳሳተ ነገ በአንድ ትእዛዝ ያርመዋል፤ በንባብ የተሳሳተ ግን ሲዲው እስካለና እስኪነበብ ድረስ ብቻ ነው የሚያርመው።

ከንባቡ ቀጥሎ ብዙ ሥራ ያለው ስም መጻፉ ላይ ነው። ብዙ ሰው የዘፈኑ ርእስ ሲዲው ላይ የተጻፈ ይመስለዋል። ከጥቂት ሲዲዎች በቀር አልተጻፈም። ፕሮግራሙ የሚያደርገው የዘፈኖቹን ብዛትና ርዝመት ወስዶ በኢንተርኔት ቋት ውስጥ ተመሳሳይ መፈለግ ነው። በ2000 የተጀመረው ሙዚክብሬንዝ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሕዝብ የሚጽፈውና የሚያርመው ነው። ርዝመቱ በአጋጣሚ ከሌላ ጋር ከተቀራረበ ግን ቋቱ የማይገናኝ የሰው አልበም ሊያመጣ ስለሚችል ከሽፋኑ ሳታመሳክሩ አትቀበሉ።

ሲገኝም የስሙ ነገር አለ። የጥላሁን ገሠሠ ስም በኢትዮፒክስ ሽፋን ላይ በፈረንሳይኛ ልማድ፣ አሜሪካ በታተመ ሲዲ ላይ በእንግሊዝኛ ልማድ ይጻፋል፤ ኮምፒዩተሩም ሁለት ዘፋኝ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ የአባትን ስም የቤተሰብ መጠሪያ መስሎት «ገሠሠ» ብሎ በ«ገ» ሥር ይደረድረዋል። በራሳችን ፊደል እንጻፈው ብንልም «ገሠሠ»ና «ገሰሰ»፣ «ዓለማየሁ»ና «አለማየሁ» ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የምመክረው ይህ ነው፦ አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ በአንድ ወረቀት ላይ የዘፋኞቹን ስም ዝርዝር አስፍሩ፣ ከዚያ በኋላ ከዝርዝሩ አትውጡ። ፊደሉን በዋናው ቦታ፣ የላቲን አጻጻፉን በመደርደሪያ ስም ቦታ ላይ ማስገባት ይቻላል። ፍላክ ጽሑፉን በዩኒኮድ ስለሚይዝ ፊደላችንን ያለ ችግር ይቀበላል። በድሮዎቹ የግእዝ ፎንቶች የተጻፈ ዝርዝር ካላችሁ ግን ሲገባ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ስለሚሆን እንደገና መተየብ ግድ ነው።

የዓመቱም ነገር እነሆ። ሽፋኑ ላይ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ካስገባችሁት የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» 1997 ተብሎ በ1997 ከወጡ የውጭ አልበሞች ጋር ይሰለፋል፤ የወጣው ግን በአውሮፓው 2005 ነው። በዓመት መደርደር የምትፈልጉ ከሆነ በዓመት ቦታ የአውሮፓውን፣ በማስታወሻ ቦታ የእኛን ዓመተ ምሕረት ጻፉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነው የሚቀረው ነው። የአማርኛ አልበም ሽፋን በየዘፈኑ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ብሎ ባለቤቶቹን ይዘረዝራል። የውጭ ቋቶች የሚያመጡልን ግን ብዙውን ጊዜ የዘፋኙን ስምና የዘፈኑን ርእስ ብቻ ነው። ፕሮግራም ስትመርጡ የራሳችሁን ተጨማሪ የጽሑፍ ቦታ እንድትከፍቱ የሚፈቅደውን ምረጡ። ፍላክ ይህን ይፈቅዳል፤ ግጥም ብላችሁ፣ ዜማ ብላችሁ፣ ቅንብር ብላችሁ ቦታ ክፈቱና ሙሉት። የሽፋኑን ወረቀትም ከነጀርባው ስካን አድርጋችሁ እዚያው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ድምፁን አሟልቶ ገልብጦ የደራሲውን ስም የጣለ ሰው ሎስለስ ገለበጥኩ ሊል አይችልም።

አያያዝን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጥቀስ። ሲዲን ስታጸዱ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ እያላችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ፤ ዙሪያውን አትዙሩ፣ በዙሪያ የሚሄድ ጭረት ተከታታይ ድምፅ ይጎዳልና። ከጀርባው ይልቅ ሥዕል ያለበትን ፊት ጠብቁ፤ መረጃውን የተሸከመው ስስ ሽፋን የሚገኘው ከሥዕሉ ሥር ነው። ፋብሪካ የሠራው ሁሉ ዘላለማዊ እንዳይመስለን፤ በእንግሊዝ ብላክበርን በነበረው የፊሊፕስና ዱፖንት ፋብሪካ በ1988 እና በ1993 መካከል ከተሠሩት ብዙዎቹ መልካቸው ነሐስ እየመሰለ ተበላሽተዋል። ኮምፒዩተሮችም ያለ ሲዲ ድራይቭ መሸጥ ከጀመሩ ቆይተዋል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነውና ድራይቩ ሱቅ ውስጥ ሳለ ግዙ።

ሲያልቅ ፋይሎቹን ከነሎጉ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አኑሩ፤ አንደኛው በሌላ ቤት ይቀመጥ። ውጭ የሚኖርና አገር ቤት ዘመድ ያለው ሰው አንዱን ወደዚያ ቢልክ ይሻላል። ሲዲዎቹን ደግሞ አትጣሉ። ለግል መስሚያ የገለበጣችሁት በገንዘባችሁ የገዛችሁትን መሆኑን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው፤ ሎጉ ያጠራጠረውን ዘፈን አንድ ቀን በተሻለ ድራይቭ ለመድገምም ያስፈልጋሉ።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤ ንግግሬን በአንድ የቤት ሥራ ልቋጭ። ከስብስባችሁ ውስጥ ቋቱ «አላውቀውም» የሚለውን አንድ አልበም ምረጡ። በሁለት ድራይቭ አንብቡት። ቁጥሮቹ ከተስማሙ ውጤቱን ፕሮግራሙ በሚሰጣችሁ ምርጫ ወደ አኩሬትሪፕ ላኩት፤ የዘፈኖቹን ዝርዝር ከነግጥምና ከነዜማ ባለቤቶቹ በሙዚክብሬንዝ ላይ መዝግቡት። ነገ ያንኑ ሲዲ ቶሮንቶ ወይም ሐዋሳ ያለ ሰው ሲያስገባው ፕሮግራሙ የእሱን ንባብ ከእናንተ ጋር ያስተያያል፤ ስሙንም በፊደል ያገኘዋል። ይህን ሥራ ሌላ ሰው እስኪያደርገው አንጠብቅ፤ ሲዲዎቹ ያሉት እኛ ዘንድ ነው፤ ፕሮግራሞቹም አብዛኞቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።